የጋቢናው ወንበር

አባቴ የፈረሶቹን ሥዕል አይቶ «ሴትየዋ የከፋት ትመስላለች» አለኝ። እኔም «የከፋት ትመስላለች» ብዬ ደገምኩለት። ደንባችን ነው። ኮሌጅ ውስጥ አራት ሆነን ለምንሠራው የመመረቂያ ፕሮጀክት የትምህርት ቤት ልጆችን ሙዚየም ወስደን ሥዕል እናሳያለን፤ የሚያሳየው ሰው ታዲያ ካርዱን ወደ ልጁ አዙሮ ይይዛል እንጂ ራሱ ሥዕሉን አያይም፤ ዓይኑን ከልጁ ፊት አይነቅልም፤ ልጁ ያለውን ሳያርምና ሳያሞግስ ቃል በቃል ይደግምለትና «ሌላስ ምን ይታይሃል?» ይለዋል። እንዲህ ሲደረግ ልጅ ሥዕል ላይ ይቆያል ተብሏል። እኔ እንግዲህ የምለማመድበት ልጅ ከየት ላምጣ? ጠዋት ጠዋት አባቴ ሥራ ሳይወጣ፣ ሻዩን እየጠጣ፣ እሱኑ ልጅ አደርገው ነበር። እሱም ጨዋታውን ወዶታል። «መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች» አለ። ደገምኩለት። «ሻሿ ቀይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ጎድጓዳ ሳህን አለ።» ደገምኩለት። «ሌላማ፣ ጣቷ ላይ ቀለበት የለም። ባሏ ጥሏት ሄዶ ይሆናል፤ ወንድ ምኑ ይታመናል» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ ካርዱን ላስቀምጥ ስገለብጠው ወንዝ ዳር ውሃ የሚጠጡ ፈረሶች አየሁ። ሴት የለችም። መስኮት የለም። ቀይ የሚባል ነገር ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝበትም። እስከ ትናንት ለአባቴ ሳሳየው የነበረውን የሴትየዋን ሥዕል ሙዚየሙ ለጥገና አውርዶት ካርዶቻችን ተቀይረው ነበር፤ አዲሱን ቦርሳዬ ውስጥ የከተተችልኝ ጓደኛዬ ናት፤ እኔ ደግሞ በደንቡ መሠረት ሳላይ አወጣሁት። እናቴ ሻይ እየቀዳች ነበር። ካርዱን አየችው፤ ሻዩ ብርጭቆውን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ደህና መለስኩ?» አለኝ አባቴ። ሰውን ፊት ለፊት ማየት ከተወ ቆይቷል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በጎን ነው የሚያየው። ጎረቤቶቻችን «ኮራህብን እኮ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። «በጣም ጥሩ መለስክ» አልኩት። ማሞገስ ክልክል መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሌላ የምለው ነገር አጥቼ ነው። ብድግ አለና ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ ለማውረድ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገ። «ዛሬማ የክብር ሹፌር ነኝ፤ የልጄን እንግዶች ነው የምጭነው» ብሎ ግንባሬን ሳመኝና ሞተር ሊያሞቅ ወጣ። እኔና እናቴ ቀረን። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ሁለት ያደረግናት፤ መስኮቷ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ስለሆነ በጠራራ ፀሐይም አምፖል እናበራለን። እናቴ የፈሰሰውን ሻይ መወልወል ጀመረች። ደረቀ፤ አሁንም ትወለውላለች። እኛ ቤት ከባድ ነገር ሲመጣ አይወራም፤ የሚወለወል ነገር ይፈለጋል።

«እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ግድግዳው ወረቀት ነው።»

እያንሾካሾከች ነገረችኝ፤ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ነው። መሃሉ ነው የጠፋበት፤ ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊቱን ግን ጭጋግ ነው። ሐኪሙ መነጽርም ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም፣ መኪና ይተው ብሎ ነበር። መተው ቀላል ነው። ባለመኪናው ይህን ቢሰማ በዚያው ቀን ቁልፉን ይቀበለዋል፤ ሌላ ሥራ ደግሞ አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ነው የያዘው። እናቴ ከሆቴሉ የአንሶላ አጠባ ሥራ ወጥታ የአባቴ ረዳት የሆነችው ለካ ለዚህ ነው። እኔ የረዳት ደመወዝ ለማትረፍ መስሎኝ ነበር፤ ኮሌጃችን በር ላይ ስትጣራ የሰማሁ ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ረዳት በር ላይ ነው የሚቆመው፤ እሷ ግን ጋቢና ትቀመጣለች፤ ሂሳቡን ተሳፋሪው ከኋላ እየተቀባበለ ያደርስላታል። «ሰው እየተሻገረ ነው፤ ቀይ ሆነ፤ ትንሽ ወደ ግራ» ትለዋለች ቀስ ብላ። ሕዝቡ ባልና ሚስት የሚሽኮረመሙ እየመሰለው ይስቃል። «መንገዱን ደግሞ በቃሉ ነው የሚያውቀው፤ አንድም ሰው ነክቶ አያውቅም» አለችኝ። የሙዚየሙን መንገድስ? ስላት ጠረጴዛውን እንደገና ወለወለች። እኔ ደግሞ እሷ የማታውቀውን አውቃለሁ፤ የመኪናው ወንበር በሙሉ ለልጆች ተይዟል፤ ጋቢናው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ እሱም ለአስተማሪያቸው ተሰጥቷል። ነገርኳት። ጨርቁን አጣጥፋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። «አስተማሪው ከኋላ ይቀመጣል። አንቺ ብቻ አፍሽን ዝጊ። ልትመረቂ አንድ ቀን ሲቀርሽ ሜዳ ላይ እንዳትበትኚን።» ስካርፏን አስራ ወጣች፤ እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ከኋላዋ ወጣሁ፤ እነሱ በመኪና፣ እኔ በእግሬ።

ሙዚየም ስደርስ ሦስቱ የቡድኔ ልጆች ቀድመውኛል። አንደኛው ማንም ሳይመርጠው አለቃ የሆነ ልጅ ነው፤ ስለዚህ አለቃ ነው የምንለው። ሁለተኛው እንቅልፎ ይባላል፤ ቆሞ ይተኛል፤ እጁ ግን ወርቅ ነው፤ ልጆቹ ሥዕሉን በቁመታቸው እንዲያዩ አጫጭር በርጩማዎች የሠራው እሱ ነው። ሦስተኛዋ ቀለሟ ናት፤ ጥፍሯ ሥር ቀለም ጠፍቶ አያውቅም፤ ካርዱን የከተተችልኝም እሷ ናት። ክፍሉ ረጅም ነው፤ ወለሉ ከመወልወሉ የተነሣ ያንሸራትታል፤ ዘበኛው ጥግ ላይ ተቀምጦ ማንም መስመር እንዳያልፍ ይጠብቃል። አዲስ የተሰቀሉት ፈረሶች ከካርዱ ይበልጣሉ፤ አንደኛው ፈረስ ከውሃው ቀና ብሎ እኔን የሚያየኝ መሰለኝ። አለቃ በርጩማዎቹን ያስተካክላል፣ መልሶ ያበላሻል። መምህርታችን ከሙዚየሙ ኃላፊ ጋር ሆና ልታየን ትመጣለች። ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን ልጆች ሳይመጡለት ቀርተው የክፍል ጓደኞቹን እንደ ልጅ አስቀምጦ አቀረበ፤ መምህርቷ ከበሩ ተመለሰች፤ «ልጅ የሌለበት የልጆች ፕሮጀክት አልቀበልም» ብላ የቡድኑን አራት ልጆች ዓመት አስደገመቻቸው። ውጤቱ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል። መኪናውን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሲያዋጡ የማዋጣው ስላልነበረኝ «አባቴ በነዳጅ ብቻ ያመላልሳቸዋል» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር፤ አጨብጭበውልኝ ነበር።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት፤ ከአራት ሰው አፍ ወጥቶ ባለመኪናው ጆሮ እስኪደርስ ምን ይፈጅበታል? ምላሴን ዋጥኩ። «ሌላ መኪና ብንይዝ ይሻላል፤ የአባቴ መኪና ፍሬኑ ልክ አይደለም» አልኩ። አለቃ በርጩማ እንደያዘ ቀጥ አለ። «ዛሬ ነው የምትነግሪን?» አለኝ። ወጥቼ ደጁ ላይ የቆሙትን ሹፌሮች ጠየቅሁ፤ ደርሶ መልስ ሦስት ሺህ አምስት መቶ አለኝ አንዱ፤ ሌላው ልጆች ወንበር ያቆሽሻሉ ብሎ አራት ሺህ አደረሰው፤ ሦስተኛው ልጅ አልጭንም አለ። የእኛ ካዝና በርጩማና ካርድ ሆኖ አልቋል። ተመልሼ ስገባ አለቃ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ከአባቴ ጋር ያወራል። ደሜ ፈላ። «ፍሬኑማ ትናንት ነው የታየው» ይላል አባቴ፤ እየሳቀ ነው። «ልጄ ስለምትወደኝ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈሪ ናት። አይዟችሁ፣ እንቁላል እንደ ጫንኩ አድርጌ ነው የማመጣቸው።» አለቃ ስልኩን ዘጋና «ሰምተሻል? አባትሽ ከአንቺ የተሻሉ ናቸው። ጭንቀት ነው፤ ሁላችንም ጨንቆናል» አለኝ። እንቅልፎ እንኳ ነቅቶ ሳቀ። ቀለሟ ብቻ ትኩር ብላ አየችኝ። «ምን ሆነሻል?» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «ትምህርት ቤቱ ድረስ ልሂድና አብሬያቸው ልምጣ» አልኳት። አለቃ የመጀመሪያውን ሥዕል የማሳየው እኔ ስለሆንኩ ንቅንቅ እንደማልል ተናገረ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወጣሁ። በደረጃው ላይ ስወርድ መምህርታችን ከኃላፊዋ ጋር እያወራች ስትወጣ ተገናኘን። «ልጆቹ መቼ ይደርሳሉ?» አለችኝ። «እየመጡ ነው» አልኳትና ቁልቁል ሮጥኩ።

መንገዱን በሁለት መኪና ነው የሄድኩት። ሁለተኛው ላይ ሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩና መንገዱን ማየት ጀመርኩ፤ ሰው መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚርመሰመስ ከዚያ ቀን በፊት ልብ ብዬው አላውቅም። አንዱ ስልክ እያወራ ይሻገራል፤ አንዷ ልጇን እየጎተተች መሃል መንገድ ላይ ሐሳቧን ትቀይራለች፤ ብስክሌቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ፊታችን ድቅን ይላል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ እያየ ስለ ሽንኩርት መወደድ ያወራኛል። እኔ በልቤ የራሴን ዕቅድ አወጣሁ፤ አስተማሪውን ለምኜ ከኋላ አስቀምጠዋለሁ፤ እናቴ ጋቢና ትገባለች፤ ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ ይሄ አንድ ቀን ብቻ ይለፍ፤ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ እይዛለሁ፤ አባቴን ያን ጊዜ አስወርደዋለሁ። አንድ ቀን ምን አላት? እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር የወረድኩት። ሥራ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ የአባቴ መኪና ቆሟል፤ ዩኒፎርም የለበሱት ሕፃናት እኛ በካርቶን የሠራንላቸውን የስም መለያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እየተጋፉ ይገባሉ። አባቴ መሪው ላይ ሆኖ እያንዳንዱን በድምፁ ይቀበላል፤ «ግባ የእኔ ጌታ፤ ግቢ የእኔ እመቤት» ይላል፤ ደስ ብሎታል፤ ከተማውን የሰጡት ይመስላል። እናቴ ጋቢናው በር ላይ ከአስተማሪው ጋር ትጨቃጨቃለች። አስተማሪው ግዙፍ ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። «ሴትዮ፣ ረዳት አያስፈልግም እኮ፤ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጉዞ አይደለም» ይላታል። «እኔ ግድ የለም፣ ከፊት ካልሆንኩ ያጥወለውለኛል» ትላለች እናቴ። «ካጥወለወለዎት ይቅሩ። እኔ ጉልበቴ ታማሚ ነው፤ ከኋላ መታጠፍ አልችልም፤ ርእሰ መምህሩም ከፊት ሆነህ መንገዱን ተቆጣጠር ብለውኛል።» እኔም ደርሼ ለመንኩት፤ በአክብሮት ለመንኩት፤ የሙዚየሙን ፕሮጀክት የምሠራ ተማሪ መሆኔን ነገርኩት። ፈገግ አለና «እናትሽ ናቸው? እንግዲያው አንቺ ምከሪያቸው» ብሎ ገብቶ ተቀመጠ፤ መኪናው ወደ እሱ ጎን ዘመም አለች። እናቴ አየችኝ። ፊቷን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሰው መሃል ልብሷን የገፈፏት ይመስል ነበር። ከዚያ ዞራ በጎን በር ከልጆቹ ጋር ተጨናንቃ ገባች። ከዚያ ሆና መንገድ ይታያታል ብላ ነው? እኔ እንጃ። እናቴ ናትና ተስፋ አትቆርጥም።

እኔ ገና አልገባሁም። በሩ ላይ ቆሜ የምይዘውን ቦታ ስፈልግ አንዲት ልጅ ከግቢው እየሮጠች ወጣች፤ ሽንት ቤት ቆይታ መሆን አለበት፤ የፊት ጥርሶቿ ወላልቀዋል። ወደ በሩ በመምጣት ፈንታ መኪናው ፊት ቆመችና ለአባቴ ምላሷን አወጣችለት። ልጅ አይደለች? ሹፌር ማብሸቅ አማራት። ሁለት እጆቿን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አርገበገበች። አባቴ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ፈገግታው ግን ለእሷ አልነበረም። መስኮት ላይ የተለጠፉት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። «ጋሼ አያያትም! ጋሼ አያያትም!» ይላሉ። እሷም ይሄ ሲባል ባሰባት፤ ጠጋ ብላ የመኪናውን ግንባር ተደገፈች። አስተማሪው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ልጆቹን ዝም ያሰኛል። «ሁሉም ገቡ?» አለ አባቴ። «ገብተዋል» አለ አስተማሪው ሳይዞር። ማርሹ ሲገባ ሰማሁት። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ልጅቷን በክንዷ ጎትቼ ደረቴ ላይ አድርጌያለሁ፤ መኪናዋ ቀስ ብላ፣ እንቁላል እንደ ጫነች ሁሉ ቀስ ብላ፣ ልጅቷ የቆመችበትን ቦታ አልፋ ሄደች። ከዚያ ነው የአስተማሪው ጩኸት የተሰማው፤ መኪናዋ ቆመች።

ያኔም ዝም ማለት ይቻል ነበር። አባቴ እንደማያይ የገባው ሰው የለም፤ አስተማሪው «ልጅቷን ምን ነካት?» ብሎ የተቆጣው እሷን ነው፤ እሷም ማልቀስ ጀምራለች። እናቴ በጎን በር አንገቷን አውጥታ «ምንም አልሆነችም፤ ግቢ፣ ግቢ እንሂድ» ትለኛለች፤ ዓይኗ ይለምነኛል። ልጅቷ በእጄ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፤ ልቧ ሲመታ በጣቶቼ ይሰማኛል። ሄድኩና የአባቴን በር ከፈትኩ፤ እጄን አሳልፌ ቁልፉን አጠፋሁትና ነቀልኩት።

«አባዬ፣ ውረድ።»

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» አለኝ፤ ፊቱን ዘንበል አድርጎ ፈለገኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት» አልኩት። ወደ አስተማሪው ዞሬ ተናገርኩ፤ ድምፄ እንዳይሰበር ስለፈራሁ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «አባቴ ፊት ለፊቱን አያይም። ልጆቹን ያውርዷቸው።» እናቴ ከውስጥ «ውሸቷን ነው፤ ፈተና አሳብዷት ነው» አለች፤ ግን እየደጋገመች ስትለው ድምፁ እየሟሸሸ ሄደ። አስተማሪው አባቴን አየው። እጁን ፊቱ ላይ አወዛወዘ፤ ሌባ ጣቱንና መሃል ጣቱን ቀስሮ «ስንት ነው?» አለው። አባቴ መገመት ይችል ነበር፤ ካርዴ ላይ ስንት ጊዜ ገምቷል። አሁን ግን አልገመተም። «ልጅ ነበረ እንዴ?» አለኝ። «ነበረች» አልኩት። እግሩ መሬት እስኪያገኝ ቀስ ብሎ ወረደና የጎን በሩ አጠገብ ያለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አስተማሪው ፊሽካውን ነፋ፤ ስልኩን አወጣ፤ በሩ ላይ የተጻፈውን የባለመኪናውን ቁጥር እያነበበ መደወል ጀመረ። የእኔም ስልክ ይጮኻል፤ አለቃ ነው፤ አላነሳሁትም። በዚያች ሰዓት መምህርታችን ባዶዎቹን በርጩማዎች አይታ ቦርሳዋን እያነሳች እንደነበር ሳይነግሩኝ ነው ያወቅሁት። እናቴ ወርዳ ፊቴ ቆመች። ልትመታኝ ነው ብዬ ነበር፤ አልመታችኝም። መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ቁልፉን ሰጠኋት።

«እንግዲህ አንቺ ነሽ የምታበይን» አለችኝ። ስድብ አልነበረም፤ እንዲያው እንደ ማንኛውም የቤት ጉዳይ ነው የነገረችኝ።

ልጆቹ መውረድ ጀመሩ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ጨዋነት ሲሰበክላቸው ከመኪና ስትወርዱ ሹፌሩን አመስግኑ ተብለዋል መሰለኝ፤ የትም አለመሄዳቸው ለእነሱ ምንም አልነበረም፤ ወርደዋል፤ ስለዚህ ያመሰግናሉ። የመጀመሪያው አባቴ ፊት ቆሞ «ጋሼ፣ እናመሰግናለን» አለው። አባቴ ደነገጠ። ከዚያ «ምንም አይደል የእኔ ልጅ» አለው። ሁለተኛዋ መጣች፣ «ጋሼ፣ እናመሰግናለን»፤ «ምንም አይደል የእኔ ልጅ።» እንዲያ እያሉ ሁሉም አለፉ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰላቸው፤ ድምፁ አልተሰበረም፤ እኔ ግን ከመኪናው ኋላ ሄጄ አፌን በእጄ ያዝኩት። ስመለስ ልጆቹ ግቢ ገብተው በሩ ተዘግቷል። አባቴ ገና የሚወርድ ልጅ ያለ መስሎት ወደ መኪናው በር እንደዞረ ተቀምጧል። እናቴ አጠገቡ ቁጭ አለች እንጂ አልቀዋል አላለችውም፤ እኔም አላልኩትም።